የአውሬዎቹ ደራሲና የሂርና ማሽላ

በ1940ዎቹ መጨረሻ ከረጅም ስደት የተመለሱ አንድ አዛውንት፣ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሂርና እርሻ ይዘው ተቀመጡ። በልጅነታቸው ከራስ መኰንን ጋር ዐድዋ ዘምተዋል፤ በሩስያ የመድፍ ትምህርት ተምረዋል፤ ጨርጨርን ገዝተዋል፤ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ ጣልያን ሊወረን ሲሰናዳ በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተሟግተዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሂርና ገብተው አረሱ። በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ ዘጠና ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

እኒህ ሰው ፊታውራሪ፣ ኋላም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ስለ ሹመታቸውና ስለ ፖለቲካቸው ብዙ ተጽፏል። የሕይወት ታሪካቸውም ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። ዛሬ የማነሣው ግን ሹመታቸውን ሳይሆን አውሬዎቻቸውን ነው። ምክንያቱም ተፈጥሮን በምሳሌ መናገርና የተነገረውን ምሳሌ መረዳት ምን ያህል የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ፣ ከእርሳቸው ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ በቅርባችን አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ፣ ቴራስ ሆቴል በሚባለው ቤት፣ መኳንንቱ በተሰበሰቡበት አንድ አዲስ ነገር ታየ። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን ተረቶች ተወስዶ በአማርኛ ለመድረክ የተሰናዳ ጨዋታ ሲሆን፣ የአማርኛ ተውኔት ታሪክ የሚጀምረው ከእርሱ ነው። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት እንስሳትና አውሬዎች ናቸው። አንድም ሹም በስሙ አልተጠራም፤ አንድም ግዛት አልተነሣም። ይሁን እንጂ የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ከአውሬዎቹ ቆዳ ሥር የሚያውቃቸውን ሰዎች አየ። ፋቡላ ታገደ። ከእርሱ ጋር ገና እግር ያላወጣው ተውኔት ራሱ ለዓመታት ከመድረክ ወረደ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ቀላል ነው፤ ደራሲው ሥልጡን፣ ቤተ መንግሥቱ ኋላ ቀር ይባላል። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቤተ መንግሥቱ በእርግጥ አልተረዳም ነበርን? ወይስ ከተገባው በላይ ተረድቶ ነበር?

ለዚህ መልስ ለመስጠት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ይገባል።

ተፈጥሮን እንደ መጽሐፍ የማንበብ ልማድ በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱ «ፊሳልጎስ» ነው። (ጀርመናዊው ፍሪትስ ሆመል የግእዙን ንባብ በ1877 እ.ኤ.አ. በላይፕሲሽ አሳትሞታል።) ፊሳልጎስ ስለ አራዊት፣ ስለ አዕዋፍ፣ ስለ ዕፀዋትና ስለ ዕንቁዎች ይናገራል፤ የአንዱን ጠባይ ከነገረ በኋላም ትርጉሙን ያስከትላል። አንበሳ ዱካውን በጅራቱ ያጠፋል፤ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ግልገሉ ሞቶ ይወለድና በሦስተኛው ቀን አባቱ ሲያነቃው ሕይወት ያገኛል፤ ይህም የክርስቶስ ምሳሌ ነው ይላል። ግልገሉ ሞቶ እንደማይወለድ ማንም አዳኝ ያውቃል። ለፊሳልጎስ አንባቢ ግን ይህ ጉዳዩ አይደለም። እርሱ የሚጠይቀው «አንበሳ እንዴት ይኖራል?» ብሎ ሳይሆን «አንበሳ ምን ማለት ነው?» ብሎ ነው። አውሬው ፊደል ነው፤ ፊደልን ደግሞ ቆዳው ምን ይመስላል ብሎ የሚመረምር የለም።

የቅዱስ ያሬድ ታሪክም ከዚሁ ወገን ነው። ትምህርት አልገባ ብሎት ከጉባኤ የሸሸው ልጅ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ወደ ላይ ስትወጣና ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ስትደርስ ያያል። ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል። ትሏ ለምን ወደ ዛፉ እንደምትወጣ ግን የጠየቀ ልጅ አላውቅም። እንደ ደረሰች ጽናት ሆነች፤ ትልነቷም ያን ጊዜ አበቃ።

ቅኔ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የቅኔ መምህር ከተማሪው የሚሻው ወርቁን ብቻ አይደለም፤ ሰሙም በራሱ የቆመ፣ በራሱ ትርጉም ያለው እንዲሆን ይሻል። ሰሙ ያልበሰለ ቅኔ ወርቁ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን በጉባኤው ፊት ያሳፍራል። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት እንደ መጣ ይታወቃል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ወርቅ ይፈስበታል። እንግዲህ በአንጥረኛው ቤት ወርቁ የሚገኘው ሰሙ ሲጠፋ ነው። በቅኔ ግን ሰሙ አይጠፋም፤ ወርቁ ከወጣ በኋላም ሰሙ እንደ ተቀረጸ ይኖራል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው ደስ የሚያሰኘው። ስያሜው ራሱ አንድ ምሳሌ ነውና እንደ ምሳሌ ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። እኛ ግን ስያሜውን በጣም አምነነው፣ ወርቁ ከተገኘ ሰሙ ሊጣል የሚችል ልጣጭ መስሎን ቀርተናል።

ወደ ቴራስ ሆቴል እንመለስ። በዚያ ምሽት የተቀመጡት መኳንንት የቅኔ ልጆች ናቸው። በየበዓሉ ከቤተ ክርስቲያን ቆመው ወርቅ ሲያነጥሩ የኖሩ፣ በየግብሩ ከአዝማሪ አፍ የሚወጣውን ቃል ሁለት ጊዜ የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ባለ ጉባኤ ፊት «ይህ የቀበሮ ታሪክ ነው» ማለት ከቶ አይቻልም። ማንም ቀበሮ አያይምና። አንድም አውሬ ሳያዩ ሁሉንም ሰው አዩ።

በተቃራኒው ምን እንደሚሆን ከፈረንሳይ አንድ ምስክር አለ። ላ ፎንቴን የመጀመሪያውን የተረት መጽሐፉን በ1668 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ያበረከተው ለሉዊ ዐሥራ አራተኛው ልጅ፣ ገና ሰባት ዓመት ላልሞላው አልጋ ወራሽ ነበር። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1762 እ.ኤ.አ.፣ ሩሶ «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ እነዚህ ተረቶች ለልጆች አይገቡም ብሎ ተከራከረ። ቁራው አይብ በአፉ ይዞ፣ ቀበሮው በውዳሴ ሲያታልለው ያነበበ ልጅ፣ «ውዳሴ አትመን» የሚለውን ትምህርት አይወስድም፤ ከቀበሮው ጋር ሆኖ በቁራው ይስቃል፤ አይብ መውሰጃውን ዘዴ ይማራል ይላል። የሩሶ ልጅ ሰሙን ብቻ ያያል፤ የአዲስ አበባው መኰንን ወርቁን ብቻ ያያል። ያው አንዱ ተረት በፓሪስ ያለ ወርቅ፣ በአዲስ አበባ ያለ ሰም ተነበበ። ተክለ ሐዋርያት በሁለቱ መካከል ወደቁ።

በነገራችን ላይ፣ በሩስያ ያደገ ሰው ተረትን ለፖለቲካ የማዋልን ጥበብ ከላ ፎንቴን ብቻ ተማረ ብዬ አላምንም። የሩስያው ክሪሎቭ ከላ ፎንቴን ብዙ ተረቶችን ወስዶ የአገሩን ሹማምንት በዝሆንና በዝንጀሮ አስመስሎ ጽፏል፤ እዚያ ተማሪ ቤት የገባ ልጅ ሁሉ በቃሉ ይዞት ያድጋል። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ ፋቡላ ውስጥ ያየው ነገር አልነበረም ብሎ መከራከር ለደራሲው ጥብቅና መቆም አይደለም። ነበረ። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ምንም አለመታየቱ።

ይህን ልማድ ዛሬም አልተውነውም። በአንዳንድ መልኩ ብሶበታል። በትምህርት ቤት ዘይቤ ሲሰጥ አይተናል። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት፣ ምጸት፣ እንቶኔ፤ ዝርዝሩ በሰሌዳ ይጻፋል፤ ከሥሩ አንድ ስንኝ ይሰጥና «ይህ ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» ይባላል። ተማሪው «ሰውኛ» ብሎ ያከብባል፤ ነጥብ ያገኛል፤ ያልፋል። ሰሙንም ወርቁንም ሳይነካ፣ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ብቻ አንብቦ ወጣ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ከሂርና እንውሰድ። በምዕራብ ሐረርጌ ማሽላ የቤት እህል ነው። የአካባቢው ኦሮሞ ሚሺንጋ ይለዋል። እህሉ ይበላል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆናል፤ ጣፋጩን ጥንቅሽ ልጆች እየላጡ ይመጡታል። ታዲያ በአማርኛ «ማሽላ እያረረ ይስቃል» የሚል ምሳሌ አለን። ተማሪው ይህን ሲያገኝ ሳያመነታ «ሰውኛ ዘይቤ፤ ማሽላ እንደ ሰው ሳቀ ተብሏልና» ይላል። ልክ ነው። መምህሩም ወርቁን ያክልለታል፤ ውስጡ እየተቃጠለ ፊቱን ፈገግ የሚያደርግ ሰው ማለት ነው ይላል። ይህም ልክ ነው።

የቀረው ምንድን ነው? ምጣዱ ነው። ማሽላ በጋለ ምጣድ ላይ ሲቆላ በፍሬው ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ቅርፊቱ አልችል ሲል በድንገት ይፈነዳል፤ ቀይ ወይም ቡናማ የነበረው ፍሬ ነጭ ሆኖ ይገለበጣል። ነጩ ከተሰነጠቀው ቅርፊት መካከል ሲወጣ ልክ ጥርስ ነው። እንግዲህ ያን ምሳሌ መጀመሪያ የተናገረው ሰው «ማሽላን እንደ ሰው ላድርገው» ብሎ አልተነሣም። ምጣድ ዳር ተቀምጦ ያየውን ተናገረ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለበት። ማሽላው የሚስቀው እያረረ እያለ ብቻ ሳይሆን፣ በማረሩ ምክንያት ነው። ሳቁን የሚያወጣው እሳቱ ነው። ይህን ያየ ሰው ምሳሌውን ሲሰማ ለዚያ ፈገግ ለሚለው ሰው የሚሰማው ነገር ይለያል፤ ፈገግታው ሐዘኑን የሚሸፍን መጋረጃ ሳይሆን ሐዘኑ ራሱ የፈነዳበት ቦታ ይሆናል። «ሰውኛ» ብሎ ያከበበው ተማሪ ይህን አላገኘም። ምጣዱን ያላየ መምህርም ሊሰጠው አይችልም።

ማሽላ ካነሣን የማሽላን ጠላት እናንሣ። አቀንጭራ የምትባል ተክል አለች። ከማሽላው ግርጌ ብቅ ትላለች፤ ሐምራዊ አበባዋ ዓይን ይማርካል። ከከተማ የመጣ ገጣሚ ቢያያት በድሃ ገበሬ ማሳ መካከል የበቀለች ውበት ብሎ ሊቀኝላት ይችላል፤ ግጥሙም ላላየ ሰው ያምር ይሆናል። አቀንጭራ ግን በምድር ውስጥ ሥሯን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቃ የምትጠባ ጥገኛ ናት፤ አበባዋ በታየ ጊዜ ማሽላው ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የዚህችን ተክል ምስጢር አጥንቶ የሚቋቋማትን ማሽላ በማውጣት በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ፣ ከሂርና ብዙም በማይርቀው በያኔው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተማረ ነው። እስቲ አሁን «አንቺ የማሽላ ማሳ አበባ» የሚል ስንኝ አንድ ጊዜ ለጨርጨር ገበሬ፣ አንድ ጊዜ ለአዲስ አበባ ተማሪ አንብቡላቸው። ተማሪው ሙገሳ ይሰማል፤ ገበሬው እርግማን። ዘይቤው ያው «እንቶኔ» ነው። ተክሏም አንዲት ናት።

ሂርና ላይ ሌላም ችግር አለ፤ እኔ ግን ከችግር ይልቅ ሀብት ነው እላለሁ። የአብዛኛው ልጅ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የሚማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሾላ የሚባለውን ዛፍ እንውሰድ። በአማርኛ «ሾላ በድፍን» እንላለን፤ ፍሬውን ከፍቶ ያየ ሰው ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት አይቶ ስለሚጸየፍ፣ ሳይከፍት መብላት ይሻለዋል ከማለት የመጣ ነው፤ ያልተገለጠ ነገር፣ ተድበስብሶ ያለፈ ጉዳይ ማለት ሆኗል። ያው ዛፍ በኦሮምኛ ኦዳ ነው። የኢቱ ኦሮሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚደነገግበት ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው እዚያው ምዕራብ ሐረርጌ፣ በበዴሳ አቅራቢያ ነው። እንግዲህ አማርኛው ዛፉን የተሸፈነ ነገር ምሳሌ አደረገው፤ ኦሮምኛው በአደባባይ የሚነገር ሕግ ምልክት አደረገው። አማርኛው ፍሬውን ከፍቶ አየ፤ ኦሮምኛው ጥላው ሥር ተቀመጠ። ሁለቱም አልዋሹም። የሂርና ልጅ «ከሾላው ሥር ተገናኘን» የሚል የአማርኛ ስንኝ ቢያነብና ወደ ልቡ የመጣው ሸንጎ ቢሆን፣ መምህሩ «ተሳስተሃል» ሊለው አይገባም። አንድ ሰም ይዞ ሁለት ወርቅ ያገኘ ተማሪ ነውና።

በሕዝብ ግጥማችን ውስጥ የሚታወቅ አንድ ልማድ አለ፤ ኦሮምኛውም ይጋራዋል። የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ተራራ፣ ስለ ወንዝ ወይም ስለ ማሳ አንድ ነገር ይናገርና፣ ሁለተኛው ስንኝ ዞሮ የልብን ጉዳይ ያወጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን «ቤት መምቻ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለማስረዳት ያህል እኔው ራሴ አንድ ልሥራ፤ በመድብል የሚገባ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤

የጨርጨር ተራራ ጉም ለብሶ ዋለ፤
የምጠብቀው ሰው እንደ ወጣ አለ።

ችኩል አንባቢ ጉሙ የመጣው «ዋለ» እና «አለ» ቤት እንዲመቱ ነው ይላል። ሌላው፣ የትምህርት ቤቱ አንባቢ፣ ጉሙ የሐዘን ተምሳሌት ነው ይላል። በጨርጨር ተራሮች ላይ በክረምት የተጓዘ ሰው ግን የሚያውቀው ከሁለቱም ይቀላል። ጉም ሲወርድ መንገዱ አይታይም። የሚጠባበቀው ሰው በደጁ ቆሞ መንገዱን ሊያይ አይችልም፤ የሚመጣው ይምጣ አይምጣ ለማወቅ የነበረችው አንዲት ዘዴ ተወስዳበታለች። ጉሙ ሐዘን ከመሆኑ በፊት ጉም ነው። ሐዘኑም የመጣው ከዚያ ነው።

የከበደ ሚካኤልን «አዝማሪና ውሃ ሙላት» ያላነበበ የለም ማለት ይቻላል። እርሳቸውም በምዕራባውያን ተረቶች መንገድ የተጓዙ፣ ተረትን በአማርኛ ግጥም ያሳመሩ ናቸው፤ የፋቡላን መንገድ ሳይታገዱ የሄዱበት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዝማሪው የሞላውን ወንዝ እንዲያሻግረው በዘፈን ይለምነዋል፤ ለሚያልፍ ውሃ መዝፈን ከንቱ መሆኑን የሚነግረው መንገደኛም አለ። ወርቁን ለማውጣት ሁላችንም እንፈጥናለን፤ ማይሰማ ጌታ፣ ማይሰማ ሕዝብ፣ ማይሰማ ዘመን። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አነበብኩት። ከደጋው የዘነበ ዝናብ በድንገት በደረቅ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ በሐረርጌ ቆላ ካየሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። እንዲህ ያለው ሙላት በድንገት ይመጣል፤ በጥቂት ሰዓት ደግሞ ይጎድላል። የአገሩ ሰው ዳር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥና ይጠብቃል። አዝማሪው የሚያስፈልገው ዘፈን አልነበረም ማለት ነው፤ መቀመጥ ነበር። በእኔ ግምት ግጥሙ ስለ ማይሰማ ኃይል ብቻ አይደለም፤ መጠበቅ ስላልቻለ ሰውም ነው። ይህን ያነበብኩት ከወርቁ ሳይሆን ከሰሙ ነው።

ሰሙ ግን ከምድር ላይ እያለቀ ነው። «ዛፍ እንዳጣ ጉሬዛ» እንላለን። ጉሬዛ ኑሮው ሁሉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ምድር ላይ ሲወርድ ግራ ይጋባል፤ ምሳሌውም ትክክል የሆነው ስለዚህ ነው። ደኑ ሲመነጠር ምሳሌው በአፋችን ይቀራል፤ የሚያውቀው ግን ይጠፋል። ለደጋ አጋዘን መጠበቂያ ተብሎ የተከለለው የኩኒ ሙክታር ተራራ፣ በዚያው በጨርጨር፣ በምንጣሮና በእርሻ መጠቃቱ የታወቀ ነው። ቡናውና ማሽላው ለጫት ቦታ እየለቀቁ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ፣ ከብት ሲሰማራበት ታይቷል፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። በእነዚያ የድርቅ ዓመታት የተወለደ ልጅ «ልቤ እንደ ሐረማያ» የሚል ዘፈን ቢሰማ ምን ይረዳ ነበር? ሙላት ወይስ ድርቀት? ግጥሙ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ውሃው ሲመለስ ደግሞ እንደ ገና ተገለበጠ።

የሐረር ልጅ የሆነው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ «ሀገሬ» በሚለው ግጥሙ የአገሩን ተፈጥሮ ሲቆጥር፣ ብዙ ተቺ «አገሪቱን በተፈጥሮ መሰላት» ይላል። እኔ እንዲያ አልልም። ቆጠራው ቆጠራ ነው። ከአገሩ ርቆ በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ያረፈ ሰው የጻፈው መሆኑን ሳስብ፣ ዛፉ ዛፍ፣ ውሃው ውሃ ሆኖ ሲነበብ ነው ልብ የሚነካኝ። አንዳንድ ጊዜ ወርቁ ሰሙ ራሱ ነው።

ወደ ሂርናው አዛውንት ልመለስ። ተክለ ሐዋርያት ጨርጨርን ሲገዙ መዲናይቱን ከኩኒ አዛውረው አዲስ ከተማ ቆርቁረዋል፤ አሰበ ተፈሪ ተባለች። ስሙ ራሱ የሰው ሐሳብ ከተማ ሆነ ማለት ነው፤ ነዋሪው ግን ቀድሞም ጭሮ ይል ነበር፤ ዛሬም በይፋ ስሟ ጭሮ ነው። የሰጪው ስም ወርቁን ይዞ ነበር፤ ምድሪቱ ሰሟን አልለቀቀችም። አስተዳደራቸው ለሌላው ጠቅላይ ግዛት አርአያ እንዲሆን የታሰበ ነበርና በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ስሙ በመልካም ይነሣል። ከስደት ሲመለሱ ግን ወደ መዲናይቱ ቤተ መንግሥት አልገቡም። ወደ ሂርና፣ ወደ መሬቱ ሄዱ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው እዚያው ነበሩ።

በወጣትነቱ አውሬን አናግሮ የታገደ ደራሲ፣ በሽምግልናው ሃያ ዓመት ያህል ከእውነተኛ ከብት፣ ከእውነተኛ ማሽላና ከእውነተኛ ቀበሮ ጋር ኖረ። ሂርና ላይ ቀበሮ ዶሮ ይወስዳል፤ ሹመት አይወስድም። እርሳቸው በዚያ ዘመን ፋቡላን መልሰው ቢጽፉት ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ አውሬዎቹ በመጀመሪያ አውሬ፣ ቀጥሎ ሹም በሆኑ ነበር፤ ምናልባትም ለማገድ ይበልጥ በከበዱ ነበር። አንድን ተምሳሌት ለሚከሰው ዳኛ ምንም አያስቸግረውም፤ እውነተኛ ቀበሮ ግን እንዴት ይከሰሳል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሂርና ገበያ ቀን እህል ከዘረጉ እናቶች ፊት ቆሜ ነበር። ይህን ጽሑፍ በልቤ እያብላላሁ ስለነበር ከአንዲት አሮጊት ፊት ተንበርክኬ ማሽላውን በእጄ ዘገንኩና ያንን ምሳሌ ጠቀስኩላቸው። አማርኛቸው የኦሮምኛ ዜማ አለበት። እጄ ውስጥ ያለውን ፍሬ አገላብጠው አዩት፤ ከጎን ካለው ጆንያ ሌላ ጥቂት ጨመሩበት፤ የመጀመሪያውን በአውራ ጣታቸው ገለል አድርገው፣

«ሁሉም ማሽላ እኮ አይስቅም፣ ልጄ» አሉኝ። «ይኼኛው ዝም ብሎ ያራል። የሚስቀው ይኼ ነው።»

ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ኪሎ ገዝቼ ተመለስኩ።